መርፌ የማይደርስበት

ሞክኒን፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2018

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለባሂጃ፣

የአላህ ሰላምና ምሕረት ከቤትዎ አይራቅ። የሞንትሪያል ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎን አሁንም ያምዎታል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። አባቴ ከወይራ ለቀማው በፊት ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል። ልጄ ሲሪን ስድስት ዓመት ሞልቷት ትምህርት ቤት ገባች። ባለቤቴ ላሰአድ እጅ ነሥቷል።

በደብዳቤ የመጣሁት ስልኬ ተበላሽቶ ነውና አይቀየሙኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድም አይፍረዱብኝ። ባለፈው ሳምንት ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪናው መርፌ የቀኝ እጄን አንጓ ወግቶኝ በፋሻ ታስሯል።

ላሰአድ ከከተማ ከተማ ሰው የሚጭንባት ሉዋጅ ሞተሯ ደክሟል። አክስትሽ ቢረዱን ብለሽ ጻፊላቸው ብሎኛል። እንዲህም ሆና ጧት ማታ የሚያመላልሰኝ በእሷ ነው። የፋብሪካው ሴቶች እኔ በሠራተኛ አውቶቡስ ስለማልሄድ «ሙሽራዋ መጣች» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ሌላ ወሬ ብዙም የለም። የምንሰፋውን ጂንስ የሚገዙት የውጭ ነጋዴዎች አዘው የሠራተኞች ድጋፍ የሚባል ክፍል ተከፍቷል። ችግር ያለበት ገብቶ ይናገር ተብሏል። የስፌት መስመራችን አለቃ የነበረችው ማዳም ራድያ ተሹማበታለች። ሴቶቹ «የለቅሶ ቤት» የሚል ስም አወጡለት። እስካሁን ማንም ሲገባ አላየሁም።

የወንድምዎ ልጅ፣ ዊዳድ


ሞንትሪያል፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2018

ለወንድሜ ለሃሽሚ ልጅ፣ ለዊዳድ፣

ዕድሜሽ እንደ ወይራ ግንድ ይጽና፣ ልጅሽን አላህ ያሳድግልሽ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ይሄውልሽ፣ ከሰማይ በፊት በረዶ መምጣቱን የሚነግረኝ እሱ ነው።

ለመሆኑ «እርስዎ» የምትዪው ማንን ነው? ሽንት ጨርቅሽን የቀየርኩልሽ ሰው ነኝ። አንቺ በይኝ፣ ሩቅ አታድርጊኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በላሰአድ ስልክ ስደውል ሁልጊዜ የሚያነሳው እሱ ነው። አንድ ቀን ተኝታለች ይለኛል፣ አንድ ቀን ሐማም ሄዳለች ይለኛል። ይህን ያህል የምትታጠብ ሴት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ደግሞ ያ የመርፌ ነገር አልዋጥልኝ ብሎኛል። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እዚያው ሞክኒን ስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። መርፌ ጣት ነው የሚወጋ፤ ጥፍር በስቶ ይወጣል፣ ሴቲቱም ትጮሃለች፣ ሁላችንም እንሰበሰባለን። የእጅ አንጓ ጋ ለመድረስ ግን መርፌው ከመኪናው ወርዶ በእግሩ መሄድ አለበት! ንገሪኝ ልጄ፣ እጅሽን ምን ነካው?

ለሞተሩ የሚሆን እልካለሁ። ግን በአንቺ ስም ነው፣ አንቺው ራስሽ ፖስታ ቤት ሄደሽ ትቀበያለሽ።

አክስትሽ ባሂጃ


ሞክኒን፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2019

አክስቴ ባሂጃ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እንዳዘዝሽኝ አንቺ አልኩሽ። ይህን የምጽፍልሽ ከቤት አይደለም፣ ከዚያ የለቅሶ ቤት ነው።

ከእንግዲህ ወደ ቤት አትጻፊ። የኖቬምበሩን ደብዳቤሽን ከእኔ በፊት ከፍቶ ያነበበው እሱ ነው። ራት ላይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። መርፌው በእግሩ መሄድ አለበት ያልሽው ጋ ሲደርስ ሳቀ። ልጅቷ እስክትተኛ ድረስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ስልኬም አልተበላሸም፤ ግድግዳ ላይ ነው የሰበረው። የመጀመሪያውንም ደብዳቤ አጠገቤ ተቀምጦ ነው ያጻፈኝ።

ለምን አትሄጂም ትይኝ ይሆናል። በምን ልሂድ? ከሞክኒን የሚወጣ ሰው ሉዋጅ ተራ ሄዶ ነው የሚሳፈረው፣ ተራው ላይ የቆሙት ሾፌሮች ሁሉ ጓደኞቹ ናቸው። አንድ ጊዜ ሲሪንን ይዤ ሞክሬው ነበር። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና «እህቴ፣ ላሰአድ ያውቃል?» አለኝ። ሱሳ ከተማ ስንደርስ ላሰአድ ቀድሞን ቆሞ ይጠብቀናል። ሰው እያየ ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። አባቴ ጋም ሄጃለሁ። «ትዳር ትዕግሥት ነው ልጄ» አለና ሻይ አጠጥቶ በዚያችው በላሰአድ መኪና መለሰኝ።

አሁን ደግሞ ሥራዬ ሊሄድ ነው። ጧት የሥራ ጋወኔን ይደብቅብኛል፣ አንዳንዴ በሩን ቆልፎብኝ ይሄዳል። ቀረሽ፣ ዘገየሽ፣ ስፌትሽ ጠመመ እየተባልኩ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አክስቴ፣ ከዚያ ቤት የምወጣበት በር ይህ ፋብሪካ ብቻ ነው። እሱ ከተዘጋብኝ አለቀልኝ።

ስለዚህ ሴቶቹ እያዩኝ የለቅሶ ቤት ገባሁ። ራድያ እጄን ይዛ አለቀሰች። ደግ ሴት ናት፤ መፍትሔዋ ግን አስፈራኝ። እንደ ወጋችን ላስታርቃችሁ ትላለች። እሱን ጠርታ፣ የቴምር ጣፋጩ መቅሩድ ቀርቦ፣ መስመራችን ሁሉ ባለበት ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው። «ሰው ፊት ቃል የገባ ወንድ ያፍራል» ትለኛለች። እምቢ ማለት አሳፈረኝ። ምን ትመክሪኛለሽ? መልሱን በራድያ ስም ወደ ፋብሪካው ላኪልኝ።

ዊዳድ


ሞንትሪያል፣ ማርች 2 ቀን 2019

ልጄ ዊዳድ፣

አላህ ካንቺ ጋር ይሁን፣ በቀኝሽም በግራሽም ይቁምልሽ። ደብዳቤሽን ቆሜ ጀመርኩት፣ ወለል ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ያንን የመርፌ ቀልድ የጻፈ እጄን ረግሜዋለሁ። ለቅሶዬን ለሌላ ቀን ላቆየውና አሁን ስሚኝ። ራድያን አታስታርቂን በያት። በፍጹም እንዳትጠራው!

እኔ በምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሚርላንድ የምትባል የሄይቲ ልጅ ነበረች፣ አንሶላ አብረን ነበር የምናጥፈው። ባሏ እዚያም ይደውላል፣ በር ላይ ይቆማል፣ አለቃውን ያስመርራል። ሊያባርሯት ደርሰው ነበር። እዚህም እንደናንተ የሠራተኞች ድጋፍ አለ። ስልክ ቁጥሩን የለጠፉት የሴቶች ሽንት ቤት በር ላይ ነው፣ ያውም ከውስጥ በኩል። ባል እዚያ ድረስ ተከትሎ አይገባማ። ሚርላንድ ከዚያ አይታ ደወለች።

የመጀመሪያ ሕጋቸው ምን መሰለሽ? ባልየውን አይጠሩም። አይደውሉለትም፣ አያስታርቁም። የነገረቻቸውን ያለ ፈቃዷ ለአለቃዋ እንኳ አይናገሩም። ፍቺው አላሏትም፣ ቻዪው አላሏትም፤ «ምን እናድርግልሽ?» ነው ያሏት። ፈረቃዋን ቀየሩላት። የሰውየውን ፎቶ ለዘበኛው ሰጡት። ማታ እስከ አውቶቡስ የሚሸኛት ሰው መደቡላት። ፍርድ ቤት የዋለችበትን ቀን እንደ ቀረች አልቆጠሩባትም። አንዴ ተመልሳ እሱ ጋ ገብታ ነበር፤ ያኔም አልተቆጧትም፣ በሩን አልዘጉባትም። ተአምር አይደለም ልጄ፣ ጥቃቅን ነገር ነው። ግን ሁሉም እሷ በፈለገችው መንገድ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ራድያ ታንብበው። ፍጠኚልኝ።

አክስትሽ ባሂጃ


ሞክኒን፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2019

አክስቴ ባሂጃ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ብዕሩን የያዘችው ራድያ ናት፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው። የእኔ እጅ ለጊዜው አይጽፍም። አንዳንድ ቦታ ስትደርስ ትቆማለች፤ ቀጥዪ እላታለሁ።

ደብዳቤሽ ከዕርቁ በኋላ ነው የደረሰው። ላሰአድ ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። አራት ኪሎ ብርቱካንም ለሴቶቹ ይዞ ነበር። ራድያ ሁለታችንንም አስቀምጣ «በሉ ሸይጣንን እርገሙት» አለች። ከዚያ ያልኳትን አንድ በአንድ ነገረችው፤ ስልኩን፣ ቁልፉን፣ አንጓዬን፣ ሱሳ የሄድኩበትን ቀን። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዓይኔ ናት እኮ እሷ! አብዝቼ ስለምወዳት ነው» አለና ግንባሬን ሳመኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷማ «እንዲህ የሚያለቅስልኝ ባል የት ባገኘሁ!» አለች። መቅሩዱ ዞረ። እኔም በላሁ።

በመኪናው ወደ ቤት ወሰደኝ። በሩን ዘግቶ «የለቅሶ ቤት ሄደሽ አለቀስሽልኝ?» አለኝ። ቀጥሎም የተናገርኩትን እያንዳንዱን ነገር በራድያ ድምፅ ደገመልኝ። የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች በመዝጊያው ላይ ሰበራቸው። «እስቲ አሁን ስፊ» አለኝ።

ፋብሪካ ስመለስ ራድያ እጄን አየች። ደብዳቤሽም ያን ዕለት ነው የደረሰው፣ ቆማ አነበበችው። አሁንም ቆማለች። ቀጥዪ ራድያ።

ወይዘሮ ባሂጃ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ራድያ ነኝ። እናቴ ስታስታርቅ ያየሁትን ነው ያደረግሁት። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ያን ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም።

ዊዳድ፣ በራድያ እጅ


ሞንትሪያል፣ ሜይ 1 ቀን 2019

ለዊዳድና ለራድያ፣

አላህ ለሁለታችሁም ብርታት ይስጣችሁ። ሰላምታዬ አጭር ናት፣ ሆዴ ቆስሏል።

ራድያ፣ ልረግምሽ ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን እኔም ያንን ደብዳቤ ወደ ቤት የላክሁ ሴት ነኝ፤ አንቺን ለመርገም አፌ አልደፈረም። ደግ ልብ አለሽ፣ እሱ ብቻውን ግን አይበቃም። አልቅሰሽ ከጨረስሽ ተነሺና ያላደረግሽውን ጠይቂያት። ምን ላድርግልሽ በያት። መልሱ ቢዘገይ አታጣድፊያት። የነገረችሽ ሁሉ እዚያች ክፍል ይቅር።

ዊዳድ፣ የእኔ ልብ የሚለው ዛሬውኑ ውጪ፣ ወደኔ ነይ ነው። አውሮፕላኑን ልከፍል፣ ደጅ ልጠና፣ ሁሉንም ልሞክር ዝግጁ ነኝ። ግን እኔም ልወስንልሽ አልፈልግም። እስካሁን ሌላ ሰው ነው የወሰነልሽ። የፈለግሽውን ጻፊልኝ፤ ዝም ካልሽም ዝምታሽን አከብራለሁ፣ ጨርቄን ጥዬ ላብድ ብደርስም።

ባሂጃ


ኦገስት 11 ቀን 2019

አክስቴ ባሂጃ፣

አላህ ሰላሙን ያብዛልሽ፣ ጸሎትሽ ደርሶልኛል። ከየት እንደምጽፍልሽ አልነግርሽም። አትቀየሚኝ፣ ካላወቅሽ ማንም አያስጨንቅሽም። በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ሁለቱ ጣቶች በደንብ አይዘረጉም፣ ግን ብዕር ይይዛሉ።

ራድያ እንዳልሽው ጠየቀችኝ። ብዙ ቀን መልስ አጣሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ። በመጨረሻ «ልጄን ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ፣ ሥራዬንም ሳልለቅ» አልኳት። ፈቃዴን ጠይቃ የፋብሪካው አለቃ ጋ ገባች። እሱ «የቤት ጉዳይ በር ላይ ይቅር» አላት። እሷም «የቤት ጉዳይ ከሆነ ለምን ማስጠንቀቂያ ጻፍክባት? ለምን ከደመወዟ ቆረጥክ?» አለችው። ፋይሌን አወጣ። ማስጠንቀቂያዎቹ ተነሡልኝ። ጣቴ እስኪድን ክር ወደመልቀም ተዛወርኩ። ጠበቃ በምሳ ሰዓት እዚያችው ክፍል እየመጣች ታነጋግረኝ ጀመር። እንዳይቀርበኝ እንድታዝልኝ ዳኛዋ ፊት የቀረብኩ ዕለት በፋብሪካው መኪና በኋላ በር ወጥቼ ፈረቃው ሳያልቅ ተመለስኩ። ላሰአድ ማታ በፊት ለፊት በር ተቀበለኝ።

የቀረችው ሲሪን ነበረች። እኔን ማውጣት ይቻላል፣ እሷን ግን ሥራ ስውል ከምትጠብቃት ከላሰአድ እናት እጅ ማን ያወጣታል? ያን ጊዜ ራድያ አንድ ነገር አመጣች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ልጆች መዋያ ክፍል ከፈተ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ኳስ ተገዛ፣ ሞግዚት ተቀጠረች። ለአንዲት ልጅ ተብሎ ለሁሉም ልጆች ተከፈተ፤ ምክንያቱን ከራድያና ከአለቃው በቀር ማንም አላወቀም። ላሰአድ ሲሰማ «ነጻ ነው? ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ እናቴም ታርፋለች» አለ። ከዚያ ጀምሮ በየማለዳው ሁለታችንንም በገዛ መኪናው አምጥቶ በር ላይ ያወርደን ነበር።

የሄድንበት ቀን እንደሌላው ቀን ነበር። ሞቃት ነው፣ ሬዲዮው ይዘፍናል። የቱኒስ ተሳፋሪ ይጠብቀው ስለነበር ቸኩሏል። በመስኮት ብቅ ብሎ «ማታ እንዳታስጠብቂኝ!» አለኝ። «እሺ» አልኩት። በሕይወቴ የዋሸሁት የመጨረሻው ውሸት እሱ ይሁንልኝ።

ገባን። ራድያ ቦርሳዬን ይዛ በመቁረጫው ክፍል በኩል አሳለፈችን። ከኋላ በር ላይ ጨርቅ ወደ ሌላው ፋብሪካቸው የሚወስደው ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀናል። ሾፌሩ ሽማግሌ ነው። ሲሪን «ወዴት ነው የምንሄደው?» አለችው።

«ሥራ ተዛውረሽ ነው እንጂ! አልነገሩሽም?»

«እኔ ሥራ የለኝም።»

«እንግዲያው ተመቸሽ፣ እንደኔ ጡረታ ወጥተሻል ማለት ነው።»

ሳቀች። እኔ ግን ከተማውን እስክናልፍ ወለሉ ላይ ተጎንብሼ ነበር። በሉዋጁ ተራ በኩል ስናልፍ የሾፌሮቹን ጥሪ ሰማሁ፣ «ቱኒስ! ቱኒስ! አንድ ሰው!» የእሱም ድምፅ ከመካከላቸው ነበረበት። አፌን በጋወኔ ያዝኩት።

የዳኛዋ ትእዛዝ የደረሰው ማታውን ነው፣ እንዳይቀርበን የሚለው። አሁን በሌላው ፋብሪካቸው ሥራዬ ያው ነው፣ ደመወዜ በራሴ እጅ ይገባል። ሞንትሪያል ነይ ላልሽኝ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ግን አገሬ ላይ በአውቶቡስ መሄድ እፈልጋለሁ። የሠራተኛ አውቶቡስ ላይ ከሴቶቹ ጋር መቀመጥ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ዊዳድ


ሞንትሪያል፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2019

ልጄ፣ የልቤ ማረፊያ፣

አላህ የሸፈናችሁን መጋረጃ አይግለጥባችሁ። የት እንዳለሽ አልጠይቅሽም። ይህን ደብዳቤ ለራድያ ልኬዋለሁ፣ መንገዱን እሷ ታውቃለች።

ደብዳቤሽን ለሚርላንድ ተርጉሜ አነበብኩላት። አሁን ልብስ ቤት አይደለችም፣ ዳቦ ቤት ከፍታለች። የልጆቹ መዋያ ጋ ስደርስ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ያቆየሁት ለቅሶ ቀኑ ደርሶ ነበር።

አባትሽ ደውሎልኛል። መጀመሪያ ቤተሰቡን አዋረደች ብሎ ጮኸ። በመጨረሻ ግን ድምፁ ተሰብሮ «ጣቷን እንዲህ ማድረጉን ማን ነገረኝ?» አለ። «ሻይ ካጠጣሃት በኋላ አልጠየቅሃትማ» አልኩት። ወንድሜ ነው፣ ይከብደዋል፤ ይክበደው።

ላሰአድም ደወለ። አለቀሰ፣ ማለ፣ ተገዘተ። «አክስቴ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ የት ናት?» አለኝ።

«ሐማም ሄዳለች» ብዬ ዘጋሁበት።

አክስትሽ ባሂጃ


ጃንዋሪ 19 ቀን 2020

አክስቴ ባሂጃ፣

ሰላም ለቤትሽ፣ ለጉልበትሽም ምሕረት ይውረድለት። ሐማሙን አንብቤ በሳቅ ፈረስኩ፤ ሲሪን ደንግጣ ከክፍሏ ወጣች። ስስቅ አይታኝ ስለማታውቅ ነው መሰለኝ። ያን ስረዳ ሳቄ ተቋረጠ።

ደህና ነን። ሌሊት ሞተር ሲቆም አሁንም እነቃለሁ። ሲሪን አንዳንዴ አባቷን ትጠይቀኛለች፣ ምን እንደምመልስላት ገና አላወቅሁም።

እዚህም ፋብሪካ የለቅሶ ቤት ተከፍቷል፤ ሴቶቹም ሳይነጋገሩ ያንኑ ስም አወጡለት። ኃላፊዋ ወጣት ናት፣ የተማረች። ከሞክኒን እንዴት እንደወጣሁ ነግሬያት ከሥራ በኋላ አብረሽኝ ተቀመጪ አለችኝ። መጀመሪያ ያደረግነው የስልክ ቁጥሩን ሽንት ቤት በር ላይ መለጠፍ ነው፣ ከውስጥ በኩል።

ትናንት ከዚፕ ሰፊዎቹ አንዲት ልጅ መጣች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በሩ ላይ ቆማ አልገባ አለች። ፋሻ ትፈልግ እንደነበር ተናገረች። እጇን አየሁት፣ አንጓዋ ጠቁሯል። እጅጌዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው።

«መርፌ ወግቶኝ ነው» አለችኝ።

አክስቴ፣ የጻፍሽልኝ ቀልድ ትዝ አለኝ። አላልኳትም። በሩን ዘጋሁ፣ ወንበር ሳብኩላት፣ «እዚህ ባልሽን ማንም አይጠራውም» አልኳት።

ቀስ ብላ ተቀመጠች።

የወንድምሽ ልጅ፣ ዊዳድ